ከሎስ አንጀለስ እስከ ሞንቴሬይ፤ የት እንደር?

መንገድ የሚወጣ ሰው ስንቁን ያሰናዳል፤ ልብሱን ይቈጥራል፤ አብሮት የሚሄደውንም ሰው መርምሮ ይመርጣል። የሚያድርበትን ቤት ግን ብዙውን ጊዜ የሚያስበው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው። በአባቶቻችን ዘመን ይህ እንደ ጥፋት የሚቈጠር አልነበረም። መንገደኛው ከአንድ አጥር ጥግ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፥ አሳድሩኝ» ብሎ ከተጣራ፥ ባለቤቱ ውሻውን ከልክሎ፥ እግሩን አሳጥቦ፥ ከመደቡ ላይ ቁርበት አንጥፎ ያሳድረው ነበር። ዋጋ የሚጠይቅ፥ የመስኮት አቅጣጫ የሚያማርጥ እንግዳም አልነበረም። ባሁኑ ጊዜ ግን፥ በተለይም በባዕድ አገር፥ የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋ ከቀኑ ወጪ ሁሉ በልጦ ስለሚገኝ፥ የት እንደር የሚለው ጥያቄ ከቤት ሳይወጡ መልስ ሊያገኝ የሚገባው ሆኗል።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን በ2019 መስከረም በካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ ያደረግነው ጉዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።) ሎስ አንጀለስ የሚኖረው የአክስታችን ልጅ እናቱን ከአዲስ አበባ አስመጥቶ ነበርና፥ እንቁጣጣሽን ከ2002 ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብሎ በተሰየመው በፌርፋክስ ጎዳና ሰፈር ዶሮ ወጥ በልተን ካከበርን በኋላ፥ «እማዬን ባሕር ላሳያት» ሲል እኛንም ጋበዘን። አራተኛዋ መንገደኛ ታናሽ እኅቱ ናት፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስትሆን ሐሳቧ ብዙ፥ ገንዘቧ ጥቂት ነው። አክስታችንን እኛ «እትዬ» እንላቸዋለን። ዕድሜያቸው ሰባን ያለፈ፥ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፥ ምላሳቸው ግን ገና ያልደከመ ሴት ናቸው።

ስለ መንገዱ አስቀድመን ጥቂት እንበል። ቁጥር አንድ የሚባለው የካሊፎርኒያ አውራ ጐዳና ከሎስ አንጀለስ በስተ ደቡብ ተነሥቶ፥ ባሕሩን እየተከተለ ወደ ሰሜን 1055 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ ግን ዓለም የሚያወራለት ከሳን ሲሚዮን እስከ ካርሜል ያለው 145 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ክፍል ነው፤ ቦታው ቢግ ሰር ይባላል። እዚያ የሳንታ ሉሲያ ተራሮች በቁሙ ወርደው ከፓሲፊክ ውቅያኖስ ስለሚገቡ በመካከላቸው ለመንገድ የሚበቃ ሜዳ አልተረፈም። ስለዚህም መንገዱ የተበጀው ገደሉን በድማሚት እየፈለጡ ነው። ሥራው በ1919 ተጀምሮ በ1937 ተፈጸመ። ለጉልበት ሥራው ከሳን ኵንቲን ወህኒ ቤት የመጡ እስረኞች ተሰልፈውበት ነበር፤ ጥቂት የቀን ክፍያ ይሰጣቸው፥ ከእስራታቸውም ዘመን ይቀነስላቸው ነበር። ዛሬ መስኮቱን ከፍቶ ፎቶግራፍ የሚያነሣው መንገደኛ ሁሉ የሚሄደው በእነርሱ ላብ ላይ ነው።

ከመነሣታችን በፊት በነበረው እሑድ ማታ፥ ቡናው ሲፈላ የማደሪያው ክርክር ተጀመረ። መኪናውን የሚነዳው ልጁ ስለ ሆነ የመጀመሪያው ተናጋሪ እርሱ ነበር። «145 ኪሎ ሜትር ምን አላት? ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን እንደ መሄድ ያለች ናት። ጧት ተነሥተን ማታ ሞንቴሬይ እንገባለን፤ መካከል ላይ ለማደር ገንዘብ ማፍሰስ ምንድን ነው?» አለ። እኅቱ ደግሞ «ጭር ካለው ቦታ ላይ ካላደርን ምን አየን ልንል ነው? ድንኳን ይዘን እንሂድ እንጂ» አለች። እትዬ ሁለቱንም ሰምተው ስኒያቸውን ካስቀመጡ በኋላ «እኔ የምፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ደረጃ የሌለው ቤትና የሞቀ ውሃ። ከዚያ ወዲያ እንኳን ባሕር ዳር፥ ገደል አፋፍም አሳድሩኝ» አሉ። ይህችን ቃላቸውን ያን ጊዜ በሳቅ አሳለፍናት።

በእውነቱ ከሆነ ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የድንኳኑ ሐሳብ ከሁሉ የረከሰ ነው፤ የካሊፎርኒያ መንግሥት በፓርኮቹ ውስጥ ለድንኳን የሚያከራየው ቦታ ያን ጊዜ በቢግ ሰር ለአንድ ሌሊት 35 ዶላር ነበር። ነገር ግን ቦታው የሚያዘው ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለ ሆነ፥ በዋዜማው ለሚያስብ ሰው አንድም ቦታ አይተርፍም። እንደኛ ያለውን በዋዜማ የሚያስብ ሰው የሚጠብቁት ሆቴሎቹ ናቸው። የሆቴሎቹም ነገር እንዲህ ነው። የሞንቴሬይ አውራጃ በ1986 ባጸደቀው የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ፥ ከአውራ ጐዳናው ላይ ሲታይ የተፈጥሮውን መልክ የሚያበላሽ አዲስ ቤት እንዳይሠራ ከልክሏል። በዚህም ምክንያት ቦታው እንደ ጥንቱ ተጠብቆ ይኖራል፤ በዚሁ ምክንያት ደግሞ ያሉት ጥቂት ማደሪያዎች እጅግ ውድ ሆነዋል። አንዳንዶቹ ለአንድ ሌሊት ከ1000 ዶላር በላይ ይጠይቃሉ። ውበቱን የጠበቀው ሕግ ድኻውን መንገደኛ ከውበቱ አርቆ ያሳድረዋል ማለት ነው። ሕጉ ባይኖር ደግሞ ባሕሩ በሆቴል ተጋርዶ በቀረ ነበርና፥ እኛ በበኩላችን በሕጉ አንፈርድበትም።

የሚቀረው ዘዴ ከሁለቱ ዳርቻዎች ማደር ነው። በደቡብ በኩል ሞሮ ቤይ፥ ካምብሪያና ሳን ሲሚዮን፥ በሰሜን በኩል ሞንቴሬይና ጎረቤቶቿ ሲሳይድና ማሪና መጠነኛ ዋጋ ያላቸው ሞቴሎች አሏቸው። ከደቡቡ ጫፍ ጧት ተነሥቶ በሰሜኑ ጫፍ ማታ የገባ ሰው ቢግ ሰርን በብርሃን ያየዋል። የልጁ ሐሳብ ከዚህ የራቀ አልነበረም፤ የተሳሳተው በኪሎ ሜትር መቍጠሩ ነው። በዚያ መንገድ የሚቈጠረው ሰዓት ነው። ሳይቆሙ ቢነዱት እንኳ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጃል፤ ሳይቆም የሚያልፍ ዐይን ያለው ሰው ግን አላጋጠመንም።

ከብዙ ክርክር በኋላ ሰኞን በሞሮ ቤይ፥ ማክሰኞን በመካከሉ በቢግ ሰር፥ ረቡዕን በማሪና እንድናድር ተስማማን። ለሦስቱም ሌሊት 600 ዶላር መደብን። የማክሰኞውን ቤት የመምረጥ ሥራ ለተማሪዋ ተሰጠ፤ እርስዋም በስልኳ ላይ ስታገላብጥ ቆይታ ከዛፍ መካከል የቆመች፥ መስኮቷ ወደ ባሕር የሚመለከት፥ ባለ ሁለት ክፍል የእንጨት ጐጆ አገኘች። ዋጋዋ 310 ዶላር ነው። ሐሳባችንን ብንለውጥ ገንዘቡ እንደማይመለስ ተጽፏል፤ ይመለስልኝ የሚል ሰው 40 ዶላር መጨመር አለበት። አልጨመርንም። ከሥዕሎቹ በታች በደቃቅ ፊደል የተጻፈውን ቃል ደግሞ ከአራታችን አንድም ሰው አላነበበውም።

ሰኞ ጧት ተነሥተን ሳንታ ባርባራ ላይ ምሳ በላን። ይህች ከተማ በ1925 በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ እንደ ገና ስትሠራ፥ ነጭ ግድግዳና ቀይ የሸክላ ጣራ ያለውን የስፓኝ አሠራር መርጣ ለበሰች። እጅግ ያማረች ናት፤ የማደሪያ ዋጋዋም ውበቷን የሚያህል ስለ ሆነ ቡናችንን ጠጥተን አለፍን። ከዚያ ወደ ሰሜን በኩል ሳን ልዊስ ኦቢስፖ አለች። በዚህ መንገድ ላይ ማደሪያ ማሰናዳት የቈየ ታሪክ ያለው ነገር ነው። የስፓኝ ካህናት ከ1769 እስከ 1823 ድረስ ከሳን ዲየጎ እስከ ሶኖማ 21 ገዳማት መሥርተው ነበር፤ ከአንዱ እስከ አንዱ የአንድ ቀን የፈረስ መንገድ ነው ይባላል። የፈረሱ ዘመን አልፎ አውቶሞቢል ሲመጣ፥ እዚያው ሳን ልዊስ ኦቢስፖ ውስጥ አርተር ሃይንማን የተባለ መሐንዲስ በ1925 ታኅሣሥ መኪናውን በደጁ አቁሞ የሚያድርበት ሆቴል ከፈተ። «የሞተር ሆቴል» የሚለው ቃል ለሰሌዳው ረዘመበትና «ሞቴል» ብሎ አሳጠረው ይባላል። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚነገረው ቃል የተወለደው በዚህ ነው። የሌሊቱ ዋጋም 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነበር። ይህን ስንተርክላቸው እትዬ «ያን ጊዜ በመጣን ኖሮ» አሉ።

ያን ጊዜ መጥተን ቢሆን ግን ነገሩ እንደዚያ አይሆንም ነበር። ሞቴል በየመንገዱ እየበዛ በሄደበት ዘመን በአሜሪካ አገር ጥቁር መንገደኛ የሚጨነቀው ስለ ዋጋው ወይም ስለ መስኮቱ አልነበረም፤ የሚያስገባው ቤት መኖሩን ነበር እንጂ። ቪክቶር ሁጎ ግሪን የሚባል በኒው ዮርክ የሚኖር የፖስታ አዳይ የነበረ ሰው፥ ጥቁር ባለመኪና ሳይዋረድ ሊያድርባቸውና ሊበላባቸው የሚችሉትን ቤቶች አድራሻ እየሰበሰበ ከ1936 ጀምሮ በየጊዜው መጽሐፍ ያሳትም ነበር። በሎስ አንጀለስ ሴንትራል ጎዳና ላይ ሶመርቪል የተባለ ጥቁር የጥርስ ሐኪም በ1928 ያሠራው፥ በኋላም ደንባር የተባለው ሆቴል ዝነኛ የሆነው፥ እንደ ዱክ ኤሊንግተን ያሉ ሙዚቀኞች ያረፉበትም በዚህ ምክንያት ነው። በሆቴል ደጅ ላይ ሰውን በቀለሙ መለየት በአገሩ ሁሉ የተከለከለው በ1964 በወጣው ሕግ ነው፤ የግሪን መጽሐፍም ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ መታተሙ ቀረ። ከአገራችን ለትምህርት ወደ አሜሪካ የሄዱት የቀድሞ ተማሪዎች ከዚህ ሕግ በፊት የነበረውን ዘመን ደርሰውበታል። ያን ዕለት ማታ ሞሮ ቤይ ደርሰን ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጠችው ሴት ቀና ብላ ሳታየን ሁለት ቁልፍ ስትሰጠን ልጆቹ ምንም አላሰቡም። እኛ ግን ቁልፉን በእጃችን ይዘን ጥቂት ቆምን።

ሞሮ ቤይ የዓሣ አጥማጆች ከተማ ናት። ከባሕሩ አፍ ላይ 176 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ድንጋይ ለብቻው ቆሟል፤ በጉም ተሸፍኖ ስለ ነበር ማታ አላየነውም፤ ጧት መጋረጃውን ስንገልጥ ከፊታችን ተገትሮ አገኘነው። ሞቴሉ ተራ ነው። ክፍሎቹ ምድር ቤት ናቸው፤ መኪናው ከበሩ አራት እርምጃ ይርቃል፤ ውሃው ይሞቃል። ሁለቱ ክፍል ከነግብሩ 168 ዶላር ሆነ። (ግብሩን መጥቀሳችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ በዚያ አገር ከተሞቹ በማደሪያ ላይ የሚጥሉት ግብር ከዋጋው ላይ ስለሚደመር፥ በመጀመሪያ የተነገረውን ቍጥር ይዞ ወጪውን የሚያሰላ ሰው ማታ ይደነግጣል።) እትዬ «ይህ ቤት ምን ጐደለው?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዋ «ምንም አይታይበትማ» ስትል መለሰች። «ተኝቼ ምን አያለሁ?» አሏት።

ማክሰኞ ያጠፋነው ጥፋት ከጧቱ ይጀምራል። ሳን ሲሚዮን ላይ የጋዜጣው ከበርቴ ዊሊያም ራንዶልፍ ሄርስት ያሠራው ግንብ አለ። ጁሊያ ሞርገን የተባለች ሴት መሐንዲስ ከ1919 ጀምራ እስከ 1947 የደከመችበት፥ 165 ክፍል ያለው፥ ከ1958 ጀምሮ ለሕዝብ የሚታይ የመንግሥት ንብረት ነው። በዘመኑ ቻርሊ ቻፕሊንና ዊንስተን ቸርችል በእንግድነት አርፈውበታል። እንግዳው በቈየ ቍጥር ከገበታው ላይ ከባለቤቱ እየራቀ እንዲቀመጥ ይደረግ ነበር ይባላል፤ ለመሄድ ጊዜው መድረሱን ያለ ንግግር ለማሳወቅ ይሆን? እትዬ ይህን ብልሃት እጅግ ወደዱት። ከግንቡ ስንወርድ ደግሞ በመስኩ ላይ ከላሞች ጋር የሚግጡ የሜዳ አህዮች አየን። ሄርስት ካቋቋመው የአራዊት ማኖሪያ የተረፉት ዘሮች ናቸው። እትዬ መኪናው እንዲቆም አዝዘው ወረዱና «የኛን አገር አህያ እዚህ ምን አመጣው?» እያሉ ግማሽ ሰዓት ቆሙ።

ከዚያ ጥቂት ኪሎ ሜትር አልፎ ፒየድራስ ብላንካስ በሚባለው ዳርቻ የባሕር ዝሆኖች ይተኛሉ። ከ1990 ጀምሮ መጥተው የሰፈሩ ናቸው፤ የወንዱ ክብደት ከሁለት ሺህ ኪሎ በላይ ይደርሳል። በመስከረም ትልልቆቹ ወደ ባሕር ሄደው ወጣቶቹ ብቻ ነበሩ፤ ቢሆንም አሸዋ እየበተኑ ሲያዛጉ ማየቱ አይሰለችም። ሰዓታችንን ስንመለከት ከቀኑ 11 ሰዓት ሆኗል። በዚያ ወር ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ነው። ጐጆዋ ደግሞ ገና 90 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

ያን መንገድ በጨለማ ለመንዳት ማንንም አንመክርም። ፀሐይ ከመጥለቋ በፊት ጉሙ ከባሕር ተነሥቶ ወደ ገደሉ ወጣ። ወደ ሰሜን ለሚሄድ መኪና መሥመሩ በተራራው በኩል ስለ ሆነ ገደሉ በተቃራኒው ወገን ነው፤ ለፈሪ ሰው ይህ ይሻላል። (ገደል የማይፈራ ሰው ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ ቢሄድ ባሕሩን በቅርብ ያያል፤ ከመንገድ ወጥቶ ለመቆምም ይመቸዋል።) እትዬ መቍጠሪያቸውን አወጡ። ልጃቸው መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ አንድም ቃል አልተናገረም። የእጅ ስልካችን በዚያ አገር አብዛኛውን መንገድ አይሠራም፤ ስለዚህ እንደምንዘገይ ለባለ ጐጆዎቹ ልንነግራቸው አልቻልንም። ልናየው ብለን ስንት ቀን የተነጋገርንበትን ፏፏቴ በስተ ግራችን ጥለነው ስናልፍ ሰሌዳውን እንኳ አላየነውም።

ስንደርስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነበር። ጽሕፈት ቤቱ በ2 ሰዓት ተዘግቷል። በሩ ላይ በተለጠፈ ፖስታ ውስጥ ቁልፍና የቦታው ንድፍ አገኘን። ከንድፉ ግርጌ ያ ሳናነብበው የቀረነው ቃል ተጽፏል፤ «ወደ ጐጆው 47 ደረጃ አለ» ይላል። ደረጃው ወደ ታች የሚወርድ፥ የእንጨት፥ በጉሙ የረጠበና አንድ መብራት ብቻ ያለው ነው። ተማሪዋ አለቀሰች። ልጁ «እማዬ፥ ይቅር በዪኝ፤ እዚሁ መኪና ውስጥ አብሬሽ አድራለሁ» አለ። እኛም የተሻለ ነገር አላገኘንም።

መላውን ያመጡት እራሳቸው እትዬ ናቸው። ከጽሕፈት ቤቱ በረንዳ ላይ መደገፊያ ያለው የእንጨት ወንበር አይተው «ያንን አምጡት» አሉ። ነጠላቸውን አደግድገው ተቀመጡበት። ልጁ ከኋላ፥ እኛ ከፊት ይዘን፥ ተማሪዋ የስልኳን መብራት እያበራች፥ አንድ ሁለት እያልን እየቈጠርን አወረድናቸው። ከሃያኛው ደረጃ ላይ ስናርፍ «ገና ሳልሞት በቃሬዛ ተሸከማችሁኝ» አሉና ሳቃቸውን ለቀቁት። ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ ስለ ሳቁ እኛም መያዝ አቃተን። እታች ስንደርስ ውሃው ሞቆ ነበር።

ረቡዕ ጧት ስንነቃ እትዬ በመስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው አገኘናቸው። ጉሙ ከታች ባሕሩን እንደ ተነደፈ ጥጥ ሸፍኖት፥ ከላዩ ፀሐይ ወጥታበት፥ የዛፎቹ ጫፍ በመካከሉ ይታይ ነበር። ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደ ተቀመጡ አላወቅንም። ጸሎታቸውን ጨርሰው ኖሮ ዳዊታቸውን አጥፈው በጉልበታቸው ላይ አኑረውታል። ልጃቸው እንደ ገና ይቅርታ ሊለምን ሲጀምር በእጃቸው ዝም አሰኙት። በዋጋው ውስጥ የሚቈጠረው ቁርስ ዕንቍላልና ሥጋ ነበር፤ እርሳቸው ግን ረቡዕን ስለሚጾሙ ከአዲስ አበባ በቋጠሩት በሶ ቁርሳቸውን በሉ። የነርሱን ድርሻ ተማሪዋ በላችው። (ጿሚ ይዞ የሚጓዝ ሰው ቁርስ ለሚጨምር ሆቴል ትርፍ ገንዘብ ባይከፍል ይሻለዋል፤ ውሃ የሚፈላበት ነገር ካለ ይበቃል።)

ወደ ላይ ማውጣቱ ከማውረዱ ይልቅ ከበደ፤ ነገር ግን የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ወጣት መጥቶ አንዱን እግር ያዘልን። ደረጃ የማያስወጣ ሌላ ጐጆ እንደ ነበረ፥ አስቀድመን ጠይቀን ቢሆን ኖሮ ያለ ጭማሪ ሊሰጡን ይችሉ እንደ ነበር የነገረን ያን ጊዜ ነው። ሥዕል ሲያዩ ከመክፈል አስቀድሞ ስልክ ደውሎ አንድ ሕያው ሰው ማነጋገር የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ስንት ደረጃ አለ? መኪናው እስከ የት ይደርሳል? ጽሕፈት ቤቱ በስንት ሰዓት ይዘጋል? እነዚህን ለመጠየቅ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ያመለጠንን ፏፏቴ ለማየት ወደ ኋላ ተመለስን። ማክዌይ ይባላል፤ 24 ሜትር ከሚሆን ገደል ላይ ወደ ባሕሩ ዳርቻ ይወርዳል። ቀድሞ በቀጥታ ከባሕሩ ውስጥ ይገባ ነበር። በ1983 ተራራው ተንዶ መንገዱ እንደ ገና ሲሠራ የወረደው አፈር ከሥሩ አሸዋማ ዳርቻ ፈጠረለት። ይህን የመሰለውን ቦታ በቀጭን መንገድ ዳር ቆሞ ያለ ክፍያ ያያል ማንም ሰው። ወደ ሰሜን ዞረን ስንሄድ ደግሞ ቢክስቢ በሚባለው ወንዝ ላይ በ1932 የተሠራውን፥ 218 ሜትር ርዝመትና 79 ሜትር ከፍታ ያለውን ድልድይ ተሻገርን። ከመንገዱ በፊት አምስት ዓመት ቀድሞ ያለቀ ድልድይ ነው። ይህን ሁሉ ሌሊት ካልፍነው መንገድ በኋላ በብርሃን ስናይ፥ ልጁ «እዚህ መካከል ማደራችን ደግ ነበር» ሲል አመነ። መካከል ላይ ባናድር ኖሮ ፏፏቴውን ለማየት መመለስ አይቻልም ነበርና እውነቱን ነው። ግን ይህ የሆነው በ310 ዶላርና በአንድ ወንበር ነው።

ስለ ካርሜልና ስለ ሞንቴሬይ ብዙ አንጽፍም፤ ብዙ ሰው ጽፎበታል። ካርሜል ያን ጊዜ በቤቶቿ ላይ ቍጥር ያልነበረባት፥ ሱቆቿም ኪሳችንን ያስፈሩን ትንሽ ከተማ ናት። ማሪና ግን ከሞንቴሬይ በስተ ሰሜን በመኪና የሩብ ሰዓት መንገድ ሆና፥ የማደሪያ ዋጋዋ እጅግ የቀለለ ነው። 142 ዶላር ከፍለን ምድር ቤት የሆነ፥ ትንሽ ምድጃ ያለው ማደሪያ አገኘን። ከሻንጣ ውስጥ የወጣው ሽሮ ተሠርቶ፥ ከሎስ አንጀለስ በያዝነው እንጀራ ቀርቦ፥ ዐጸዱ ሁሉ በሽታው ተሞላ። የሦስቱ ሌሊት ማደሪያ 620 ዶላር ሆነ፤ ከመደብነው ያለፈው 20 ዶላር ብቻ ነው። በማግሥቱ ጉልበት ያደከመውን የጠረፍ መንገድ ትተን በውስጥ በኩል በሚያልፈው በቁጥር 101 ጐዳና ተመለስን።

ከዚያ ወዲህ መንገዱ ራሱ ብዙ ጊዜ ተሰብሯል። እኛ ከመሄዳችን በፊትም በ2017 ግንቦት በመድ ክሪክ የተናደው ተራራ እስከ 2018 ሐምሌ ድረስ ዘግቶት ነበር። በ2020 ነሐሴ በተነሣው እሳት ዛፉና ሣሩ ስለ ተቃጠለ፥ በ2021 ጥር የመጣው ዝናብ ራት ክሪክ በሚባለው ስፍራ የመንገዱን ወርድ በሙሉ ጠርጎ ከባሕር ጨመረው። በ2023 ጥርና በ2024 የካቲት ደግሞ ሌሎች ናዳዎች ተከትለው፥ ለሦስት ዓመት ያህል ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ መኪና አልነበረም፤ ከደቡብ የመጣው ወደ ደቡብ፥ ከሰሜን የመጣው ወደ ሰሜን ይመለስ ነበር። ስለዚህ በዚያ መንገድ ለማደር የሚያስብ ሰው ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመንገዶቹ መሥሪያ ቤት ስለ ዕለቱ ሁኔታ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ይመልከት፤ ያችን 40 ዶላርም አይሰስት።

የራት ክሪኩ መንገድ የተቈረጠ ጊዜ ሥዕሉ በአዲስ አበባም በቴሌቪዥን ታይቶ ነበርና እትዬ በዚያው ማታ ደወሉ። አስቀድመው የጠየቁት ስለ ልጃቸው ሳይሆን «ያ ቤት ደኅና ነው?» ብለው ነው። የተሰበረው ከጐጆዋ ራቅ ብሎ መሆኑን፥ ቤቱም እንዳለ መሆኑን ነገርናቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥

«ወንበሩስ?» አሉን።